የጉሎ ፍሬ፣ የምስር ፕሮቲን እና የጉበት ካንሰር፦ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «እናቴ 57 ዓመቷ ነው። ሄፓታይተስ ቢ እንዳለባት ካወቅን ቆይተናል፤ ክትትሉን ግን አቋርጣ ነበር። ሰሞኑን ቀኝ ጎኗን ሲከብዳት እዚሁ ፒያሳ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። አልትራሳውንዱ ጉበቷ ላይ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ እብጠት አሳየ፤ ኤኤፍፒ የሚሉት የደም ምርመራ ደግሞ 34 ወጣ። ሐኪሙ ሲቲ ስካን አዘዘ። አጎቴ የምስር ፕሮቲን የጉበት ካንሰርን ይለያል፣ የጉሎ ፕሮቲን የካንሰር ሴልን ይገድላል የሚል ቪዲዮ አይቶ ከመርካቶ የጉሎ ፍሬ ገዝቶ መጥቷል፤ ወቅጦ በማር ሊሰጣት ነው። ጠዋት ጠዋትም ያልበሰለ የበቀለ ምስር ትብላ ይላል። ሲቲው ውድ ስለሆነብን ሁለት ወር ይህን ብንሞክርስ? የምስሩ ምርመራስ አዲስ አበባ የት ይሠራል?»

ምላሽ፦ የጉሎው ፍሬ በምንም መልኩ ለእናትዎ አይሰጥ። በማር ተለውሶም፣ ተቆልቶም፣ «ለአንድ ቀን ብቻ» ተብሎም አይሰጥ። ሲቲ ስካኑ ሁለት ወር አይጠብቅም፤ በዚህ ሳምንት ካልሆነ በሚቀጥለው ይሠራ። የምስሩን ምርመራ ደግሞ ፍለጋ አይውጡ፤ ለእናትዎ አሁን የሚጨምረው ነገር የለም። ምክንያቱን አንድ በአንድ እገልጻለሁ፤ አጎትዎም ቢያነቡት ጥሩ ነው። የያዙት ሐሳብ ግማሹ እውነት ነው፤ አደጋ ላይ የሚጥለው የቀረው ግማሽ ነው።

ምስር ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን የጉበት ካንሰርን ለመጠርጠር በእርግጥ ያገለግላል። የሚያገለግለው ግን ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ከታማሚው በተቀዳ ደም ላይ ነው። የበሉት ምስር ጉበት ድረስ ሄዶ ካንሰር አይፈልግም። ጉሎ ውስጥ ያለው ፕሮቲንም የካንሰር ሴልን ይገድላል፤ የልብን፣ የኩላሊትን፣ የአንጀትን ሴልም ሳይለይ ይገድላል። በሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሴልን መግደል ቀላል ነው፤ በረኪናም ይገድለዋል። መድኃኒት የሚያሰኘው ጤነኛውን ትቶ የታመመውን ማግኘቱ ነው።

ሁለቱም ፕሮቲኖች ሌክቲን ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። ሴሎቻችን ከላያቸው የስኳር ሰንሰለት ለብሰዋል፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ብዙ ፕሮቲኖችም እንዲሁ። ሌክቲን ማለት ከእነዚህ ስኳሮች አንዱን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። የምስሩ የሚይዘው ስኳር የስንዴው ከሚይዘው ይለያል፤ የስንዴው ደግሞ ከኦቾሎኒው። ነገሩ የተጀመረው በዚሁ በጉሎ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1888 ሄርማን ስቲልማርክ የተባለ ተመራማሪ፣ ዛሬ ኢስቶኒያ ውስጥ ባለችው ታርቱ ከተማ፣ ከጉሎ ፍሬ ያወጣው ፕሮቲን ቀይ የደም ሴሎችን እርስ በርስ እንደሚያጣብቅ አሳየ። ሴል ወደ ካንሰር ሲለወጥ የስኳር ልብሱም ስለሚለወጥ፣ ለውጡን በሌክቲን ማንበብ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ነው። በኦቾሎኒው ፕሮቲን ላይ ጉዳዩ ጥርት ብሎ ይታያል፤ በጤነኛ ሴል ላይ ተሸፍኖ የሚኖር፣ በብዙ የአንጀትና የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ግን የሚገለጥ የስኳር ቅርጽ አለ፤ የኦቾሎኒው ሌክቲን የሚይዘው እሱን ነው።

ወደ ምስሩ ልመለስ። ኤኤፍፒ፣ በሙሉ ስሙ አልፋ ፌቶፕሮቲን፣ የፅንስ ጉበት በብዛት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ እየቀነሰ ሄዶ በአዋቂ ደም ውስጥ በጣም ጥቂት ይቀራል። በእርግዝና ይጨምራል፤ ሄፓታይተስ ጉበትን ሲያስቆጣና ጉበት ራሱን ሲጠግንም ይጨምራል። ስለዚህ 34 የሚለው ቁጥር ብቻውን «ካንሰር ነው» አያሰኝም። የጉበት ካንሰር ሴል ግን ይህንኑ ፕሮቲን ሲሠራ ከስኳር ሰንሰለቱ ሥር ፉኮዝ የተባለ ስኳር የመጨመር ባሕርይ አለው። የምስር ሌክቲን ደግሞ ማኖዝ የተባለውን ስኳር የሚይዝ ሆኖ፣ አጥብቆ የሚይዘው ይህ ፉኮዝ ከሥሩ ሲገኝ ነው። ላቦራቶሪው በዚህ ተጠቅሞ የደሙን ኤኤፍፒ በሦስት ይከፍለዋል። ምስሩ የማይዘው ኤል 1 ይባላል፤ በሄፓታይተስና በሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ይዞ ሲጠጥር) የሚበዛው እሱ ነው። ላላ አድርጎ የሚይዘው ኤል 2 ከሌላ ዓይነት ዕጢ፣ በተለይ ከዘር ሴል ዕጢዎች፣ ጋር ይያያዛል። አጥብቆ የሚይዘው ኤል 3 የጉበት ካንሰር ጥርጣሬን ያነሳል። ውጤቱ የሚጻፈው በመቶኛ ነው፤ ከጠቅላላው ኤኤፍፒ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ኤል 3 ከሆነ ታማሚው ከፍተኛ ሥጋት ላይ ነው ይባላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምርመራውን እ.ኤ.አ. በ2005 ሲፈቅድ፣ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ላለባቸው ሰዎች የሥጋት መገመቻ እንዲሆን እንጂ ብቻውን ካንሰር ነው ወይም አይደለም እንዲያሰኝ አልነበረም።

ገደቦቹም ቀላል አይደሉም። ትንንሽ ዕጢዎች ብዙ ጊዜ ኤል 3ን ከፍ አያደርጉም፤ ጉበት በድንገት ክፉኛ ሲጎዳም ካንሰር ሳይኖር ሊጨምር ይችላል። ጠቅላላው ኤኤፍፒ ዝቅተኛ ሲሆን በቀድሞው የአሠራር ዘዴ መቶኛውን ማውጣት አስቸጋሪ ነበር፤ የተሻለ የሚለዩ መሣሪያዎች የመጡት በኋላ ነው። ለእናትዎ ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው፦ የጉበት በሽታ መመሪያዎች ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ጉበት ላይ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ እብጠት ከታየ፣ ወይም ኤኤፍፒው 20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከደረሰ፣ ወደ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ይሂድ ይላሉ። እናትዎ ሁለቱንም አልፈዋል። ኤል 3 ሦስት በመቶ ቢወጣ ሲቲው አይቀርም፤ 40 በመቶ ቢወጣም ሲቲው አይቀርም። ቀጣዩን እርምጃ የማይለውጥ ምርመራ ላይ ገንዘብ አይውጣ። ለሲቲው ያስቀምጡት።

ኤኤፍፒውን በተመለከተ ሦስት ነገር ያጣሩ። ውጤቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን መለኪያ ይመልከቱ፤ አንዳንዱ ላቦራቶሪ በናኖግራም፣ ሌላው በኢንተርናሽናል ዩኒት ይጽፋል፤ አንድ ዩኒት ወደ 1.2 ናኖግራም ስለሚሆን ሁለቱን ሳያቻችሉ ማወዳደር «ጨመረ፣ ቀነሰ» የሚል ስሕተት ውስጥ ይከታል። ሁለተኛ፣ ድጋሚ ምርመራው በዚያው ላቦራቶሪ ቢሠራ ይመረጣል፤ መሣሪያ ከመሣሪያ ይለያያል። ሦስተኛ፣ እናትዎ ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን በከፍተኛ መጠን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ብዙ የደም ምርመራ መሣሪያዎች በራሳቸው አሠራር ውስጥ ባዮቲን ስለሚጠቀሙ፣ ደም ውስጥ የበዛው ባዮቲን ውጤቱን አለአግባብ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

ሲቲውን የምታሠሩት አንድ ጊዜ እንዲሆን ከሐኪሙ ማዘዣ ላይ ባለ ሦስት ምዕራፍ የጉበት ሲቲ፣ በእነሱ አጠራር «ትራይፌዚክ»፣ ተብሎ መጻፉን አይተው ይውጡ። ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው የሆድ ሲቲ ምስሉን የሚያጎላው ቀለም በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያነሳል፤ ለጉበት ዕጢ ያ አይበቃም። የጉበት ካንሰር ደሙን በአብዛኛው የሚያገኘው ከአርተሪ ስለሆነ፣ ቀለሙ በገባ በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ከዙሪያው ጉበት ይልቅ ደምቆ ይበራል፤ ቀለሙ ወደ ቀሪው ጉበት ሲደርስ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላና ከዚያም ሦስት ደቂቃ ገደማ ላይ፣ ከዙሪያው ደብዝዞ ይታያል። ይህ መድመቅና መደብዘዝ አብሮ ከታየ፣ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ፣ ባዮፕሲ (ከእብጠቱ ላይ የሚቆረጥ ናሙና) ሳይወሰድም ካንሰር ነው ለማለት ሊያበቃ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የተነሳ ሲቲ ይህን አያሳይም፤ ከዚያ «ይደገም» ይባላል፤ ሁለተኛ ክፍያ፣ ሁለተኛ ጨረር ይመጣል። ከመሄዳችሁ በፊት የኩላሊት ምርመራ፣ ክሬአቲኒን፣ ይሠራላቸው። ከዚህ ቀደም ቀለም ተወግተው ሰውነታቸው ያበጠ ወይም ያሳከካቸው ከሆነ፣ ለስኳርም ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሲወጡ የጽሑፍ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲ ተቀበሉ፤ ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ሆስፒታል የሚያያቸው ሐኪም ምስሉን ራሱ ማየት ይፈልጋል።

እብጠቱ ካንሰር ላይሆን ይችላል። ጉበት ላይ የደም ሥር እብጠትም፣ ጉበት ራሱን ሲጠግን የሚፈጠር ጓጎላም ይወጣል። ካንሰር ከሆነ ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር ላይ መገኘቱ ትልቅ ዕድል ነው። ከ20 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ አንድ ብቻ ዕጢ፣ ጉበቱ ገና ሥራውን የሚሠራ ከሆነ፣ በቀዶ ሕክምና ቆርጦ በማውጣት ወይም በመርፌ ገብቶ በሙቀት በማቃጠል ለመዳን ተስፋ የሚሰጥ ነው። ማቃጠሉ ጥሩ የሚሠራው እስከ 30 ሚሊ ሜትር ድረስ ነው። አንዳንዱ ዕጢ ዝግ ብሎ ያድጋል፤ አንዳንዱ ግን በሁለት ሦስት ወር እጥፍ ይሆናል፤ ወደ ጉበት የደም ሥር ከገባ ደግሞ ቆርጦ ማውጣት የሚባለው ምርጫ ይዘጋል። «ሁለት ወር ብንሞክርስ» ላሉት መልሴ ለዚህ ነው አይሆንም የሆነው። የሚጠፋው ሁለት ወር ሳይሆን ምርጫው ነው።

አሁን ወደ ጉሎው። ሪሲን የሚባለው የጉሎ ፕሮቲን ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ሌክቲኑ ነው፤ ጋላክቶስ የተባለውን ስኳር ይይዛል፤ ይህ ስኳር ደግሞ በሰውነታችን ሴሎች ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ይገኛል። ሴሉን ይዞ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ሁለተኛው ክፍል ተላቅቆ ሴሉ ፕሮቲን የሚሠራባቸውን ራይቦሶሞች ያበላሻል፤ አንዱ ሞለኪውል ብቻውን በደቂቃ ከ1,000 በላይ ራይቦሶም ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ፕሮቲን መሥራት ያቆመ ሴል ይሞታል። ይህን ኃይል ለሕክምና ለማዋል ያልተሞከረ እንዳይመስላችሁ፤ የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ንጹሑን ሪሲን በማይክሮግራም እየመዘኑ፣ በሆስፒታል ክትትል፣ ለካንሰር ሕሙማን በደም ሥር ሰጥተዋል። መድኃኒት ለመሆን የሚያበቃ ውጤት አላመጣም፤ የሕሙማኑም ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ ፕሮቲኑን መከላከል ጀመረ። በማይክሮግራም ተመዝኖ ያልሆነው ነገር በሙቀጫ ተወቅጦ አይሆንም። አንዱ ፍሬ ከሌላው ምን ያህል ሪሲን እንደያዘ በቤት ማወቅ የሚቻልበት መንገድም የለም።

«ጉሎ እኮ ዘይቱ ይጠጣል፤ ምጣድም ይሟሽበታል» የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል። ሪሲን በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም፤ ፍሬው ሲጨመቅ መርዙ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። በፋብሪካ ተጣርቶ በፋርማሲ የሚሸጠው የጉሎ ዘይት ለዚህ ነው መርዙ የሌለበት፤ እሱም ቢሆን ሆድ ከማስቀመጥ በቀር ካንሰር ላይ የሚሠራው ነገር የለም። ምጣድ ላይ የሚታሸው ደግሞ በብርቱ እሳት ይነዳል፤ ሙቀት ፕሮቲኑን ይሰብረዋል። አጎትዎ ሊያደርጉት ያሰቡት፣ ጥሬውን ፍሬ ወቅጦ በማር መስጠት፣ ከአገባቦቹ ሁሉ የከፋው ነው። ሳይታኘክ የተዋጠ ፍሬ ጠንካራ ቅርፊቱ ሳይሰበር አንዳንዴ እንዳለ ይወጣል፤ የተወቀጠ ፍሬ ግን መርዙን በቀላሉ ይለቃል።

ምናልባት ይህን ከማንበብዎ በፊት ቀምሰው ከሆነ፣ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ትውከት፣ የሆድ ቁርጠትና አንዳንዴ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ ሰውነት ውሃ ያጣል፤ በቀጣዮቹ ቀናት ጉበትና ኩላሊት ይጎዳሉ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሕክምናው ፈሳሽ መተካትና አካላቱን መደገፍ ስለሆነ ቶሎ መድረስ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ወተት አጠጥታችሁ ወይም ጣት ከትታችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ። የተረፈውን ፍሬ በላስቲክ ቋጥራችሁ ይዛችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ስንት ፍሬ እንደተወሰደና በስንት ሰዓት እንደነበረ ተናገሩ።

ሳይንሱ ግን እዚህ ላይ አላቆመም። መርዙን ከሌክቲኑ ለይቶ፣ በሌክቲኑ ምትክ የካንሰር ሴልን ብቻ የሚያውቅ አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) መግጠም የሚለው ሐሳብ ለአሥርት ዓመታት ተሠርቶበታል። እዚህ ላይ የእኛው አገር ዕፅዋትም ስማቸው ይነሳል። እንዶድን አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ካስተዋሉ ወዲህ ዓለም ያውቀዋል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው በፍሬው ያለው ሳፖኒን የተባለ አረፋ የሚፈጥር ንጥረ ነገር ነው፤ ፕሮቲን አይደለም። በቅጠሉ ግን ዶዴካንድሪን የተባለ፣ እንደ ሪሲን ራይቦሶም የሚያበላሽ ፕሮቲን ተገኝቷል፤ ሴሉን የሚይዝበት ክፍል ስለሌለው በራሱ ወደ ሴል የመግባት አቅሙ ደካማ ነው። አዲስ አበባ በየአጥሩ የሚንዠረገገው ቡገንቪሊያም ቡጋኒን የተባለ ተመሳሳይ ፕሮቲን አለው፤ ይህ ፕሮቲን የሰውነት መከላከያ እንዳይነቃበት ተስተካክሎ፣ የአንቲቦዲ ቁራጭ ተገጥሞለት፣ በሰው ላይ እስከመሞከር ደርሷል። ሁለት ችግሮች ግን ይህን ዓይነት ሕክምና ደጋግመው አሰናክለውታል። አንደኛው፣ ሰውነት የዕፅዋቱን ፕሮቲን እንግዳ አድርጎ ስለሚያየው ከጥቂት ዙር በኋላ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል፤ መድኃኒቱ ዕጢው ጋ ሳይደርስ ይወገዳል። ሁለተኛው፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ግድግዳ ስለሚጎዳ ፈሳሽ ከደም ወደ ሳንባና ወደ ሌላው አካል ይፈስሳል። ይህ ጉዳት መጠኑን ከፍ ለማድረግ አያስችልም። እስካሁን ፈቃድ ያገኙት የዚህ ቤተሰብ ጥቂት መድኃኒቶች መርዛቸውን የወሰዱት ከባክቴሪያ ነው። በዕፅዋት መርዛማ ፕሮቲን የተሠራ፣ ተፈቅዶ በየፋርማሲው የሚገኝ የካንሰር መድኃኒት የለም። እንዶድ መጠጣትም ከጉሎው የማይሻል አደጋ ነው።

«ታዲያ የካንሰር መድኃኒት ከዕፅዋት ይሠራል የሚባለውስ?» ካላችሁ፣ ቪንክሪስቲንና ፓክሊታክሴል በእርግጥ ከዕፅዋት የተገኙ ናቸው፤ ግን ፕሮቲን አይደሉም፤ ትንንሽ ሞለኪውሎች ናቸው፤ የሚሰጡትም ነጥረው፣ ተመዝነው፣ በደም ሥር ነው። አውሮፓ ውስጥ ከሚበቅል ተቀጽላ የሚዘጋጀው መርፌ ሌክቲን አለው፤ አንዳንድ አገሮች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ኖሯል። በስዊድን የጣፊያ (ፓንክሪያስ) ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ላይ በዕጣ ተከፋፍሎ በተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ጥናት ግን ዕድሜ አላረዘመም። ከእኛ ዛፎች ላይ የሚለቀመው ተቀጽላ ደግሞ አብዛኛው ሌላ ዝርያ ነው፤ ስሙ ስለተመሳሰለ ሥራው አንድ ነው ማለት አይደለም።

ካንሰርን በመለየት ረገድ በየቀኑ ሥራ ላይ ያለው የዕፅዋት ፕሮቲን ሌላ ነው፤ ቪዲዮዎቹም ብዙ አያነሱትም። ሆርስራዲሽ ከተባለ የሚያቃጥል ሥር የሚወጣው ፐርኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ የጡት ካንሰር ናሙና ለሆርሞን ተቀባይ ሲመረመር፣ አንቲቦዲው የሚፈለገውን ፕሮቲን ይይዛል፤ ከአንቲቦዲው ጋር የተያያዘው ይህ የሥር ኢንዛይም ደግሞ የተጨመረበትን ኬሚካል ወደ ቡናማ ቀለም ይለውጠዋል። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ፖዘቲቭ» የሚለው ያንን ቡናማ ነው። የእኛም ቀይ የደም ሴሎች ተመሳሳይ ሥራ ስላላቸው ላቦራቶሪው አስቀድሞ ናሙናውን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያጥበዋል፤ ይህ ከተዘለለ ሐሰተኛ ቡናማ ይወጣል። ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የእናትዎ ሲቲ ግልጽ ካልሆነ ባዮፕሲ ይታዘዝ ይሆናል፤ ናሙናውን ከሆስፒታል ወደ ፓቶሎጂ ማዕከል የሚያደርሰውም ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ ፎርማሊኑ ከናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። በጨው ውሃ ወይም በአልኮል ተሰጥቷችሁ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ቅዳሜ ተቀብላችሁ ሰኞ የምታደርሱ ከሆነ ሰዓቱን ቁጠሩ፤ ከሦስት ቀን በላይ ፎርማሊን ውስጥ የቆየ ናሙና ቀለሙን በትክክል ላይዝ ይችላል።

ምግቡን በተመለከተ እናትዎ ምስር ይብሉ፤ ግን በስሎ፣ በወጥ። ጥሬውን የበቀለ ምስር ይተዉት። እህል የሚበቅልበት ሙቀትና እርጥበት ሳልሞኔላንም ያራባል፤ ጉበቱ የተዳከመ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ኢንፌክሽን በቀላሉ አይቋቋምም። ቦሎቄ ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ በተለይ ቀዩ ቦሎቄ ጥሬው ሌክቲኑ ከፍተኛ በመሆኑ አራት አምስት ፍሬ ሳይበስል ቢበላ እንኳ በሦስት ሰዓት ውስጥ ኃይለኛ ትውከት ያስነሳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ የባሕር ጠለል ላይ አሥር ደቂቃ ይበቃል የተባለው እዚህ አይበቃም። ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፣ ውሃው ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እየተንተከተከ ይፍላ፤ ከዚያም እስኪለሰልስ ይቀቀል። በፕሬዠር ከሆነ ሙቀቱ ስለሚጨምር የተሻለ ነው። በዝግታ ለብ ባለ ሙቀት ማብሰል ሌክቲኑን አይሰብርም፤ እንዲያውም ከጥሬው ብሶ ሊገኝ ይችላል።

በተረፈ ፕሮቲን ለጉበት ታማሚ ጠላት አይደለም። «ጉበት ያለበት ሰው ፕሮቲን ይቀንስ» የሚለው የቆየ ምክር ሰውን ያከሳል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በቀን በኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አኩሪ አተር ሁሉም ይጠቅማሉ። የሚጎዳቸው ለረጅም ሰዓት ሳይበሉ መዋል ነው፤ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ይበላል። እናትዎ ጾመኛ ከሆኑና ሲሮሲስ መኖሩ ከተረጋገጠ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋሉን አስመልክቶ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ማታ ከመተኛታቸው በፊትም ትንሽ ነገር ይቅመሱ። ከሁሉ በላይ ግን የሻገተ ኦቾሎኒ፣ የሻገተ በቆሎና የሻገተ በርበሬ ከቤት ይውጣ። በሻጋታው ውስጥ ያለው አፍላቶክሲን ከሄፓታይተስ ቢ ጋር ሲገናኝ የጉበት ካንሰርን ሥጋት በእጅጉ ያባብሳል። መጠጥ ይቁም።

ሲቲው እስኪሠራ ሳይጠብቁ የሚጀመር ሥራ አለ። የቫይረሱ መጠን፣ ኤኤልቲ (የጉበት ጉዳት መለኪያ)፣ ፕላትሌት፣ አልቡሚን፣ ቢሊሩቢንና የደም መርጋት ምርመራ ይሠራላቸው፤ ቴኖፎቪር የተባለውን የቫይረሱን መድኃኒት መጀመር ይኖርባቸው እንደሆነ ሐኪሙ የሚወስነው በእነዚህ ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ጨርሶ አያጠፋም፤ ግን ጉበቱን ያሳርፋል፣ የካንሰርን ሥጋት ይቀንሳል፤ ዕጢው ቢወጣም እንኳ ቀሪውን ጉበት ይጠብቃል። አንዴ ከተጀመረ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥ፤ በድንገት ሲቆም ቫይረሱ ተመልሶ ጉበትን ክፉኛ ሊያስቆጣ ይችላል። ሲቲው ካንሰር አይደለም ቢል ደግሞ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድና ኤኤፍፒ ይቀጥል፤ የመጀመሪያው ቀጠሮ ግን ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ይሁን።

እርስዎና ወንድም እህቶችዎም ተመርመሩ። ሄፓታይተስ ቢ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል፤ በልጅነት የያዘው ሰው ምንም ሳይሰማው አድጎ ብዙ ጊዜ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው ጉበቱ ላይ ነገር የሚታየው። ቫይረሱ መኖሩን የሚያሳየው ኤችቢኤስ ኤጂ የሚባለው የደም ምርመራ ርካሽ ነው፤ በብዙ ጤና ጣቢያ ይሠራል። ቫይረሱ የሌለበት ሦስት ዙር ክትባት ይውሰድ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ቫይረሱ የተገኘበት ደግሞ የእናትዎን የክትትል ቀጠሮ ለራሱም ይያዝ።